ሰማያዊ ዱቄት

በወንድሟ አጥር ውስጥ የማንጎ ቅጠል ገልብጣ ስታይ፣ ጀርባው ላይ ሰማያዊ ዱቄት ደርቆ አገኘች። በአውራ ጣቷ ጠረግ አደረገችው። የሻጋታ መድኃኒት ነበር። ቅጠሉ ለምለም ነው፤ አንድም ጥቁር ነጠብጣብ አልወጣበትም። ከአጥሩ ወዲያ የእሷ ዛፎች ግን እሳት የላሳቸው ይመስል ጠቁረዋል፤ አበባቸውም ረግፏል። አባታቸው መሬቱን እኩል ነበር ያካፈላቸው፤ ዝናቡም የዘነበው ለሁለቱም ነው።

"ዘንድሮ ሙቀቱና ዝናቡ አብረው መጡ፤ ሻጋታው የሚራባው እንዲህ ሲሆን ነው። ግን አሁን ብትረጪ ይታጠብብሻል፤ ክረምቱ እስኪወጣ ታገሺ" ያላት ወንድሟ ነበር። ስለ ዛፍ የምታውቀውን ሁሉ ያስተማራት እሱ ነውና፣ ቅጠሎቿ አንድ በአንድ ሲጠቁሩ እያየች ታገሠች።

ከኋላዋ መጥቶ ሲቆም ሰማያዊ ጣቷን አሳየችው።

"ወንድም ጋሼ፣ ይሄ መቼ ተረጨ?"

"ዝናቡ ፋታ በሰጠ ቁጥር።"

"እኔን ታገሺ እያልክ?"

ወንድሟ የቆቡን ጠርዝ ወደ ግንባሩ ሳብ አደረገ። "መሬቱን አብረን እንሽጠው ብዬ ስንቴ ለመንኩሽ፣ እታለም። ገዢው ካልተጠቃለለ አልፈልግም አለ። ዛፎችሽ እያፈሩ ደግሞ እሺ አትይም ነበር።"

ድምፁ እንደ ወትሮው ለስላሳ ነበር፤ አንድ ነገር ሲያስረዳት የሚያወጣው ድምፅ። ጣቷን በቀሚሷ ጠረገችና ወደ አጥሩ መውጫ ሄደች። እዚያ ስትደርስ ዞር አለች።

"ረሳሁት ብትለኝ እኮ አምንህ ነበር" አለችው።