የጠዋት ጠረጋ

ጠዋት ጠዋት የእህቴን ስልክ የምጠርገው እኔ ነኝ። ሚጡ ኢንተርኔት ላይ ስለ ቪዲዮ ጌም ትጽፋለች። አንድ ካምፓኒ ለገምጋሚዎች ስጦታ እያደለ ጌሙን ያስወድሳል ብላ ካጋለጠች ወዲህ፣ ስድቡና ዛቻው መድረሻ አሳጥቷታል። ስለዚህ እሷ ገላዋን ስትታጠብ እኔ ሳሎን ቁጭ ብዬ የገባውን መልእክት አጠፋለሁ። የመታጠቢያ ቤቱ በር ስስ ስለሆነ ድምፅ አላወጣም፤ በዓይኔ ብቻ ነው የማነበው።

«ጋሼ፣ ጠረጋው አላለቀም?» አለች ዛሬ ከውስጥ።

«ቆሻሻው በዝቷል!»

እውነቴን ነው። አንዱ አፏን ሊያዘጋት፣ ሌላው የቤቷን አድራሻ ሊበትን ይዝታል። በሆዴ እየተራገምኩ አንድ በአንድ አጠፋሁ።

ከዚያ አዲስ መልእክት ገባ። «ጋሼ፣ እግርህን ከጠረጴዛው ላይ አውርድ።»

ጋሼ የምትለኝ እሷ ብቻ ናት። ሳላስበው እግሬን አወረድኩ።

«ጎሽ» የሚል ጽሑፍ ተከተለ።

የስልኩ ካሜራ ላይ ፕላስተር ከለጠፍን ቆይተናል። ቀና ብዬ መጋረጃውን አየሁት፤ ዝግ ነው። በሩም ከውስጥ ተቀርቅሯል። የማንም ውርጋጥ መጫወቻ አልሆንም ብዬ ስልኩን ጨርሶ ዘጋሁት።

የውሃው ድምፅ ቆመ። ሚጡ ፀጉሯን በፎጣ እየጠቀለለች ወጣችና ከኔ አሳልፋ ሳሎኑን ዞር ዞር ብላ አየች።

«እንግዳ አለ እንዴ?»

«የምን እንግዳ?»

«ታዲያ ቅድም ‹ጎሽ› ያለህ ማነው?»