ሃያ ሞላ

ማዳሜ ጉልበቷን በብረት አስቀይራ ቤይሩት አጠገብ ባዕብዳ ቤቷ እንደተኛች፣ በተቃውሞ ሰልፍ መንገድ ተዘጋና እንቅስቃሴ የሚያሠራት ባለሙያ ቀረ። ጠዋት ጠዋት እግሯን ሃያ ጊዜ አጥፎ መዘርጋት በእኔ ላይ ወደቀ። በአማርኛ እቆጥርና አሥር ላይ በዓረብኛ «ኸላስ ማዳም፣ ሃያ ሞላ» እላታለሁ። አማርኛ አንድ ቃል አታውቅም።

ትናንት የጉልበቷ ሎሚ ከቦታው ሸሸና እንደገና ለኦፕራሲዮን ሆስፒታል ወሰዷት። ሐኪሙ ሲያፈጥብኝ ወደ እኔ እያመለከተች «ጦይባን ይተዉአት፤ ያኒ፣ ማለቴ አንድ ቀን አላጎደለችብኝም» አለችው። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

ዛሬ ጠዋት አንሶላዋን እየቀየርኩ ልጇ ደወለች። «ማማ ከኦፕራሲዮን ወጣች፤ ገና አልነቃችም» አለችኝ።

ስልኩን ስዘጋ ከባዶው አልጋ ላይ ጉልበት ቀጭ ሲል ሰማሁ። ከዚያ የማዳም ድምፅ፣ በአማርኛ፣ ካቆምኩበት ቀጠለ።

«አሥራ አንድ።»