ሁለት ደቂቃ

ታናሽ ወንድሜ በሞተ በወሩ ሚስቱ አሮጌውን ባለተርቦ መኪናውን ጋራዥ አመጣችልኝ።

«ጋሼ፣ ቆሜ ሚኒሞ ላይ ሲሆን ይንዘፈዘፋል። ሞቆ ከጠፋ ደግሞ ላስነሳው ብል እሺ በጄ አይልም» አለችኝ።

«እንደ ጌታው እልኸኛ ነው። ስታቆሚው ወዲያው ነው የምታጠፊው?»

«ኧረ ሁለት ደቂቃ እጠብቃለሁ! ‹ተርቦው ሳይቀዘቅዝ እንዳታጠፊው› እያለ ስንቴ ጨቅጭቆኛል።»

ነድቼ አሞቅኩትና አጠፋሁት። እውነትም አልነሳ አለ። ቁልፉን ነቅዬ አቀበልኳትና ኮፈኑን ከፈትኩ። አንዱ የአየር ቱቦ ተሰንጥቋል። በፕላስተር ጠቅልዬ አጠበቅኩት።

ሃያ ዓመት ሙሉ እኔ ሞተሩ ላይ ሳጎነብስ መሪው ጋ የሚቀመጠው ወንድሜ ነበር። ቀና ሳልል፣ በልማድ፣ «አስነሳው!» አልኩ።

ሞተሩ ባንዴ ተነሳ። መንዘፍዘፉም ቀርቷል።

«ጎበዝ። በቃ አጥፋው» አልኩ፤ ይሄም ልማድ ነው።

አልጠፋም። ቀና አልኩ። የሾፌሩ ወንበር ባዶ ነው። የወንድሜ ሚስት አጠገቤ ቆማለች፤ ቁልፉ እጇ ላይ ነው።

ባትሪውን ልነቅል እጄን ስሰድ ያዘችኝ።

«ይተዉት ጋሼ» አለች ቀስ ብላ፤ «ሁለት ደቂቃው አልሞላም።»