ክሰሺኝ

ጠበቃዋ ራሷ ደረጃውን ወርዳ ስትመጣ፣ ሰገል ከባጃጁ የኋላ ወንበር ላይ ቀና ለማለት ሞከረች። በጀሶ የታሰረው እግሯ ወንበሩን ከዳር እስከ ዳር ይዞታል። ቀደም ብላ የሄደችባቸው ሁለት ጠበቆች ከፎቅ ሆነው «ትውጣና እናናግራት» ነበር ያሉት።

«አትነሺ፣ ኑርሀን እባላለሁ» አለች ጠበቃዋ። ጀሶውን በሁለት እጇ ቀስ አድርጋ አነሳችው፤ ከሥሩ ገብታ ተቀመጠችና ጭኗ ላይ አሳረፈችው። ሰገል ሴትዮዋን ወደደቻት።

«በይ ንገሪኝ፤ ምን ገጨሽ?»

«ባጃጅ። ታይዋን ገበያ ያለውን ሱቄን ዘግቼ ስሻገር። አጥንቱ ጠሞ ገጠመ። እንደገና ተከፍቶ በብረት ካልታሰረ ዕድሜሽን ሙሉ ታነክሻለሽ ብሎኛል ሐኪሙ። ለዚያ ደግሞ አቅም የለኝም።»

«ባጃጁ ኢንሹራንስ አለው?»

«አለው። ፍርድ ቤት ካልወሰነ አንከፍልም አሉ እንጂ።»

«ጥሩ። ባለ ባጃጁን እንከሳለን፤ ሲፈረድበት ኢንሹራንሱ ስለ እሱ ይከፍላል። ሰውየው የት ነው የሚገኘው?»

ሰገል ዓይኗን ወደ ፊት ወንበር ላከች። ከፊት መሪውን የያዘው ሹፌር ጉሮሮውን ጠረገ።

«አለሁ» አለ።

ኑርሀን ሹፌሩን አየችው። ቀጥላ የባጃጁን የፊት መስታወት አየች፤ ተሰንጥቆ በፕላስተር ተለጥፏል።

«እሱ ነው የገጨሽ? በዚሁ?»

«አብዲራሺድ ይባላል» አለች ሰገል፣ የአክስቷን ልጅ እንደምታስተዋውቅ። «ከዚያ ቀን ወዲህ የትም ስሄድ የሚወስደኝ እሱ ነው። እናቱ የፍየል ሾርባ ትልክልኛለች። ሽማግሌ ፊትም አፉ፣ ይቅር ብዬዋለሁ።»

«ካሳ አልጠይቅም ብለሻል?» ጠበቃዋ ፈጠን ብላ ጠየቀች።

«ቂም የለኝም ነው ያልኩት።»

ኑርሀን እፎይ አለች። «እንግዲያው መንገድ አለን።»

«የለንም! እሱን አልከስም። ኢንሹራንሱን ብቻ ክሰሺልኝ ልልሽ ነው የመጣሁት። የእናቱን ሾርባ እየጠጣሁ ልጇን ፍርድ ቤት ላቁም? የመጋላ ሰፈር ሰው ምን ይለኛል?»

አብዲራሺድ ከነወገቡ ዞረ። «አባዮ፣ እህቴ፣ ክሰሺኝ እንጂ! ለምን ይመስልሻል ያመጣሁሽ?»

«አንተ ዝም በል።»

«ወላሂ ዝም አልልም! ኢንሹራንስ የምገባው ለጌጥ ነው? አንቺ በፊቴ እያነከስሽ ስታልፊ በየቀኑ ተገጪው እኔ ነኝ። እናቴም ካልከሰሰችህ ሾርባው ይቆማል ብላለች።»

ኑርሀን ሳቋን ለመያዝ ከንፈሯን ነከሰች። «ሰገል፣ ስሚኝ። አፉ ያልሽው ሰውየውን ነው፤ እሱን ማንም አይነካብሽም። ክሱ ላይ ስሙን የምናስገባው የኢንሹራንሱ በር እንዲከፈት ነው። አንተ ግን ውረድ። ስለ ክሱ ስናወራ ተከሳሽ አይሰማም።»

«የገዛ ባጃጄ እኮ ነው!»

«ውረድ አልኩህ።»

ወረደ። ጥቂት እንደሄደ ተመልሶ አንገቱን አስገባ። «ጥፋቱ የኔ ነው፣ እወቂው።»

«ሂድ!» አሉት ሁለቱም።

አስፋልቱን ተሻገረ። የከዚራ ሰፈር ዛፎች ጥላ እዚሁ ባጃጁ አጠገብ ነው፤ እሱ ግን ድምፃቸው እንዳይደርሰው ፀሐዩ ላይ ሄዶ ቆመ። ያም አልበቃውም። ጀርባውን ሰጣቸውና ሁለት ጣቶቹን ጆሮዎቹ ውስጥ ወተፈ።

ሰገል ሳቋ ፈነዳ። ከአደጋው ወዲህ እንዲህ ስቃ አታውቅም፤ ጀሶው ጠበቃዋ ጭን ላይ እስኪንቀጠቀጥ ሳቀች።

«እሺ» አለች እንባዋን በሻሿ እየጠረገች። «ክሰሺልኝ።»

ወዲያው ምሥራቹን ልትነግረው ጠራችው። ኑርሀንም ጠራችው። አላፊ አግዳሚው ሁሉ ዞሮ አየ። አብዲራሺድ ብቻ፣ ሸሚዙ ጀርባው ላይ በላብ ተጣብቆ፣ ጣቶቹን አጥብቆ እንደወተፈ ቆሟል።