ሳይወሰዱ የቀሩ ፎቶዎች

ሙዚየሙ ምድር ቤት ውስጥ አርባ ሦስት ካርቶን ፎቶ ነበር። ፀጉር ቤት፣ ዳቦ ቤት፣ የሰፈር ኳስ ቡድን፣ ብስክሌት የሚጠግን ሰው። የተራ ሰው ውሎ። ሁሉንም ያነሳው አንድ ሰው ነው፤ ሰፈርተኛው ጋሽ ብልጭታ ይለዋል። ባለቤቶቻቸው መጥተው ሳይወስዷቸው የቀሩ ፎቶዎች ናቸው። ሐሙስ የሙዚየሙ አዳራሽ በእሱ ስም ሊከፈት ነው።

የሙዚየሙ መዝጋቢ ፎቶውን ታወጣለች፣ ቁጥር ትሰጠዋለች፣ ካርድ ላይ ማን እንደሆነ ትጽፋለች። ችግሩ ማን እንደሆነ የሚያውቅ የለም። ጋሽ ብልጭታ ሲጠየቅ «ፊት እንጂ ስም አላነሳሁም» ብሎ ይዘጋል።

ስለዚህ ሙዚየሙ ሰው አፈላለገ። የተገኙት አባባ ልብስ ሰፊው ናቸው። ሱቃቸው ከፎቶ ቤቱ ሥር ነበር። ኮት የሌለው ከእሳቸው ይዋሳል፣ ደረጃውን ወጥቶ ይነሳል፣ ወርዶ ኮቱን ይመልሳል። ጋሽ ብልጭታ ጨለማ ክፍሉ ከገባ ንጉሥ ቢመጣም በር ስለማይከፍት ያለቀውን ፎቶ የሚያስረክቡትም እሳቸው ነበሩ።

ዛሬም በሰማንያ አራት ዓመታቸው የኮታቸው ደረት ላይ ስፒል ተደርድሯል።

«አባባ፣ ይሄ ነገር አይወጋዎትም?» አለቻቸው መዝጋቢዋ።

«ዕድሜ ልኩን አብሮኝ የኖረ፣ ዛሬ ይወጋኛል እንዴ?» ብለው ሳቁ።

ትዝታቸው ግን ጉድ ነው። «ይሄ ፀጉር አስተካካዩ ነው፤ ከድልድዩ ሦስተኛው በር። ወሰዱት። ይሄ ወንድሙ፤ በስተርጅና ሞተ። ይቺ አስተማሪዋ ናት፤ እሷንም ወሰዷት።» በዚያ ዘመን ሰው ከቤቱ ይወሰድ ነበር፤ የሚመለስ አልነበረም። መዝጋቢዋም ካርዱ ላይ «ተወሰደ» ብላ ትጽፋለች።

ሰኞ ከሰዓት በኋላ የፀጉር አስተካካዩን ፎቶ አቧራውን ልታይ ወደ መስኮቱ አነሳችው። መስኮቷ ጣሪያው ሥር ያለች፣ የአላፊ አግዳሚውን ጫማ ብቻ የምታሳይ ናት። ሰውየው ግንባር ላይ የብርሃን ነጥብ በራ። ቀዳዳ ናት፤ የመርፌ ጫፍ ታክላለች። አስተማሪዋን አነሳች። በራች። ወንድምየውን አነሳች። ምንም።

ካርድ የተጻፈላቸውን ሁሉ እስኪመሽ ስታነሳ ቆየች። ቀዳዳ ያለበት ሁሉ ካርዱ ላይ «ተወሰደ» ይላል። የሌለበት አንዱም አይልም።

የመጨረሻው የዳቦ ጋጋሪው ነው። የተዋሰው ኮት እጅጌ ጣቶቹን ውጦታል። ያንን ለማንሳት እጇ እምቢ አላት።

አባቷ ነው። አራት ዓመቷ ሳለ «ፎቶዬን ተቀብዬ መጣሁ» ብሎ ወጥቶ ቀረ። እዚህ ሥራ የተቀጠረችውም ማን አሳልፎ እንደሰጠው ለማወቅ ነው፤ ይህን ለማንም ተናግራ አታውቅም።

አነሳችው። በራ።

በማግሥቱ ጋሽ ብልጭታን አዳራሹ ውስጥ አገኘችው። ሠራተኞች መሰላል ላይ ሆነው የስሙን ፊደላት ይለጥፋሉ።

«ጋሼ፣ ፊታቸው ላይ ያለው ቀዳዳ ምንድነው?»

ከዘራውን ተደገፈ። «ለማድረቅ ስሰቅላቸው ይሆናል።»

«ጠርዙን ነዋ የሚሰቅሉት! ግንባር ይሰቀላል?»

«አንቺ ልጅ፣ ፎቶ ወደ ብርሃን አታንሺ።»

«ማን በሳቸው?»

«ከእጄ ሲወጡ ሙሉ ነበሩ» አለ። ሊቀጥል ፈልጎ አፉን ከፈተ። የአዳራሹን በር አየ፤ አፉን መልሶ ዘጋ።

አንድ ነገር መደበቁ፣ እሱ ነው ለማለት በቂ ሆነላት። ካርዶቹንና ፎቶዎቹን ተሸክማ የሙዚየሙ ኃላፊ ጠረጴዛ ላይ ዘረገፈቻቸው።

«ሰውን ሁሉ ጠርቼ?» ብሎ ራሱን ያዘ። ከዚያ አንድ ፎቶ ወደ መብራቱ አነሳ፣ ሌላ አነሳ።

ምሳ ሰዓት ላይ ፊደላቱ ከግድግዳው ወረዱ። ጋሽ ብልጭታ ባርኔጣውን ረስቶ ወጣ። ተከትሎ የሰጠው ሰው የለም።

ከሰዓት አባባ ልብስ ሰፊው እንደ ወትሯቸው ደረጃውን ይዘው ወረዱ። ሁሉን ነገረቻቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ስንት ዓመት ከራሴ በላይ ሲራመድ ኖሯል! ግን አንቺን ምን እንዲህ አንገበገበሽ?»

«ዳቦ ጋጋሪው አባቴ ነው።»

«እጅጌው ረዝሞበት ነበር» አሉ። «ላሳጥርልህ ብለው፣ ለአንድ ፎቶ ምን አደከመህ አለኝ።»

እንባዋን ጠረገች። «ብቻውን አልሠራውም፣ አባባ። ምልክት ያለበትን ፎቶ ተቀብሎ ለወሳጆቹ ያሳየ ሌላ ሰው አለ። ስሙን ሳላወጣ አልተውም።»

«ጎሽ የኔ ልጅ። ለመሆኑ ሰፈርሽ ወዴት ነው?»

ነገረቻቸው።

«ከሰው ጋር ነሽ?»

«ብቻዬን ነኝ።»

ጠረጴዛው ላይ ሠራተኞቹ ለምርቃቱ በር ላይ ተሰልፈው የተነሱት ፎቶ ነበር፤ ዛሬ ጠዋት ታጥቦ የመጣ። መነጽራቸውን አድርገው ጎንበስ አሉበት።

«የትኛዋ ነሽ? ዓይኔ ደክሟል።»

«ከግራ ሦስተኛዋ። ያቺ የተኮሳተረችው።»

«ኧረ አምሮብሻል! እስቲ ጉሮሮዬ ደረቀ፣ ውሃ ብታመጪልኝ።»

ውሃውን ይዛ ስትመለስ ባርኔጣቸውን አድርገው ቆመው ጠበቋት። ጠጡ፣ መረቋት፣ የደረጃውን ብረት ይዘው ቀስ እያሉ ወጡ። ጫማቸው በመስኮቷ አለፈ።

ብርጭቆውን አነሳችና ጠረጴዛውን ወለወለች። የሠራተኞቹ ፎቶ ላይ የውሃ ጠብታ ያረፈ መሰላትና ልታየው ወደ መስኮቱ አነሳችው።

ከግራ ሦስተኛዋ ሴት ግንባር ላይ፣ የመርፌ ጫፍ በምታክል ቀዳዳ፣ ፀሐይ ትገባ ነበር።