ፍሪጅ የገባው አበባ

«ማነው እዚህ የከተተው?! ማነው አልኩ?!»

አበባ ሻጯ የፍሪጁን በር እንደያዘች ትጮሃለች...

ከኋላዋ የሙሽራዋ እናት ቆማለች። አበባውን ልትረከብ ነው የመጣችው። ሠርጉ ዛሬ ነው!

ፍሪጁ ውስጥ ያለው አንቱሪየም ነው። ከሩቅ ሞቃት አገር የሚመጣ፣ ቫርኒሽ የተቀባ የሚመስል ቀይ አበባ። አሁን ግን ቀይነቱ የለም... የተመታ ፊት መስሎ በልዟል።

አንድ ነገር ልንገራችሁ። ጽጌረዳ ፍሪጅ ውስጥ ያድራል። ይሄኛው ግን ብርድ ካገኘው አለቀለት! ውጪ፣ ባልዲ ውስጥ ነው የሚቀመጠው። ይህን ደግሞ ከአበባ ሻጯ በቀር ማንም አያውቅም።

ልጇ በሩ ላይ ብቅ አለ።

«እማ... እኔ ነኝ ያስገባሁት።»

አቤት! እናቱ እሳት ሆነች...

ባለፈው ሳምንት ተጣልተው ነበር። «ሱቅ ተቀመጥ፣ እቅፍ አበባ ማሰር ተማር» ስትለው፣ «ይሄ ሱቅ ተቃጥሎ በተገላገልኩ!» ብሏታል። ያ ቃል ከሆዷ አልወጣም።

«ሆን ብለህ ነው! ይኸው አቃጠልክልኝ፣ ደስ ይበልህ!»

«እማ፣ እኔ እኮ...»

«እማ አትበለኝ! አንተን ከምወልድ ድንጋይ በወለድኩ! ውጣልኝ!»

ይሄ ሁሉ በሰው ፊት ነው እንግዲህ። የሙሽራዋ እናት መሬት መሬት ታያለች። የጎረቤት ፀጉር ቤት ሴቶች በር ላይ ተኮልኩለዋል።

ልጁ ዞሮ ወጣ።

«ይሂድ! የት አባቱ ይደርሳል? ሲርበው ይመጣል!» ብላ ጽጌረዳ ማሰር ጀመረች። ሠርግ ነዋ፣ ሰው ይጠብቃል።

ከሰዓት በኋላ ሥራዋን ጨርሳ ስትመለስ የሕንፃው ጥበቃ ጠጋ አሉ። ሽማግሌ ናቸው።

«ልጁን አባረርሽው የሚሉት እውነት ነው?»

«አበባዬን ገደለብኛ ጋሼ!»

ሽማግሌው ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ትናንት ወንበር ላይ እንቅልፍ ጥሎሽ ነበር። ልጁ ገባና ጃኬቱን አውልቆ ደረበልሽ። ከዚያ ባልዲዎቹን አየ... ‹ጋሼ፣ ደክሟት ረስታው ነው፤ በዚህ ሙቀት ይሞትባታል› አለኝ። ላግዝህ ብለው እንቢ አለ። ‹ብቻ እንዳትቀሰቅሷት› ብሎ፣ ጫማውን አውልቆ ነው አንድ በአንድ ያስገባው... ኮቴው እንዳይሰማሽ።»

ሴትየዋ ትናንትን አስታወሰች...

ስልክ ሲቀሰቅሳት ባልዲዎቹ ያሉበትን ጓዳ ሳታይ ወደ ሠርጉ አዳራሽ ሮጣ ነበር። ጃኬቱን ግን አይታዋለች... «ይሄ ዝርክርክ፣ ልብሱን የትም ይጥላል» ብላ ጥግ ላይ ወርውራዋለች!

ደግሞስ ልጁ ከሕፃንነቱ ጀምሮ ምን እየሰማ አደገ? «ፍሪጁን ዝጋ፣ አበባው ይሞታል!» ራሷ ያስተማረችውን እኮ ነው ያደረገላት!

ደወለች... ዝግ ነው።

ጓደኞቹ ጋ ሮጠች... የለም።

አውቶቡስ ተራ ሄዳ ስታለቅስ አመሸች... የለም።

ወራት አለፉ። ሱቁ አሁንም ክፍት ነው፣ እሷ ግን እሷ አይደለችም። ደንበኛ ነጭ ሲጠይቃት ቀይ ታነሳለች።

በቀደም የልጁ አንድ ጓደኛ መጣ። ልጁን ሌላ ከተማ አግኝቶታል። ጋራዥ ይሠራል፣ ደህና ነው።

«በእናትህ፣ አጥፍቻለሁ ብላለች በለው! እግሩ ላይ ልውደቅ! ብቻ ይምጣልኝ!» ብላ እያለቀሰች ላከችበት።

መልሱ መጣ...

«ይቅር ብያታለሁ በላት። ከልቤ ነው። ግን ቤት አልመለስም።»

አለቀ።

ወገኖቼ፣ «ለምን አደረግከው?» ብሎ መጠየቅ ምን ያህል ይከብዳል? አፉን ሲከፍት ብትሰማው ኖሮ ልጇ ዛሬ አጠገቧ ነበር። ከመፍረዳችሁ በፊት ጠይቁ! ለባዳ የምትሰጡትን ትዕግሥት ለገዛ ልጃችሁ አትንፈጉት። ይቅርታ ሁሉንም ነገር አይመልስም።

አሁን እናንተን ልጠይቅ... በልጁ ቦታ ብትሆኑ ትመለሱ ነበር? እስቲ የልባችሁን ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ...