ማድያቱ የጠፋ ሰሞን

በዚያ ዘመን ቆዳ እንደ ልብስ ይቀየር ነበር፤ በከፊል ግን አይሆንም። ፊቱን ብቻ ማሳደስ የፈለገ ሰው ከራስ ፀጉሩ እስከ እግር ጥፍሩ መታደስ ነበረበት። ወይዘሮ ዘርትሁን ይህን ሲሰሙ "ታዲያ ምን ይጎዳል?" ብለው ፈረሙ። ልጃቸውን ምንትዋብን ሲያረግዙ ጉንጫቸው ላይ የወጣው ማድያት ሠላሳ ዓመት ሙሉ አልለቅ ብሏቸው ነበር።

ከክሊኒኩ በተመለሱ በሦስተኛው ቀን፣ መስታወት ፊት ቆመው አይተው የማይጠግቡትን ፊታቸውን እያዩ ሳለ፣ ወጡ ማረር ጀመረ። ሮጡና እንደ ልማዳቸው ድስቱን በባዶ እጃቸው ብድግ አደረጉት።

ጩኸታቸው ጎረቤት ድረስ ተሰማ።

"እማዬ! ሐኪሙ ያለሽን ረሳሽው? እጅሽ እኮ የሦስት ቀን ሕፃን ነው!" አለች ምንትዋብ፣ ጣቶቻቸውን ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ እየነከረች።

በሰፈሩ ድግስ ሁሉ ትልቁን ድስት በባዶ እጃቸው ከእሳት የሚያወርዱት ወይዘሮ ዘርትሁን ነበሩ። ያለ ጨርቅ ድስት የማትነካውን ልጃቸውንማ "የሙሽራ ጣት!" እያሉ ሲያሾፉባት ነው የኖሩት።

"ቅዳሜ ሰርግ አለ። ሴቶቹ ምን ይሉኛል?" አሉ።

ምንትዋብ የድስት ማውረጃ ጨርቋን ለሁለት ቀደደችና ግማሹን ሰጠቻቸው።

እናትየው ጨርቁን አገላብጠው አይተው ሳቃቸው መጣ።

"ፊቴስ አምሮልኛል" አሉ። "አንቺን ያሳደገችውን እጅ ግን፣ እንግዲህ አንቺ አሳድጊልኝ።"